የኋላዋ ብሎን

እኔ ጩኸት አልወድም። አስተማሪ ሆኜ እንኳ ልጆቹን በዓይኔ እንጂ በድምጼ ቀጥቼ አላውቅም፤ ከኋላዬ «ሚጥሚጣ ዓይን» እንደሚሉኝም አውቅ ነበር። እግዜር ግን ቀልድ ይወዳል መሰለኝ፣ ላሊበላ ካሉት አስተማሪዎች ሁሉ መርጦ የትምህርት ቤቱን የድምጽ ማጉያ እኔ ጫንቃ ላይ ጣለው።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ጦርነቱ ወደ ላስታ እየተጠጋ የመጣበት ጊዜ። ማጉያው ግራጫ የብረት ሣጥን ነበር፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ አንድ ትልቅ እስፒከር ያለው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ካድሬው በማይክሮፎን ይናገርበታል፤ ከዚያ ውጪ ሥራ የለውም። የዕቃ ቤቱን በር ምስጥ በልቶት ሲወድቅ ዳይሬክተራችን «ካንቺ ቤት ይቀመጥ» አሉኝ። «ምነው ጋሼ፣ የኔ ቤት እኮ አንዲት ክፍል ናት» ብላቸው፣ «ጎረቤትሽ አብዮት ጥበቃ አይደለም እንዴ? ማን ደፍሮ ይሰርቀዋል!» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነበር፤ አንድ ረዘም ያለ የጭቃ ቤት መሐሉ በስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ተከፍሎ ለሁለት ቤተሰብ የተሰጠ። በዚህ በኩል እናቴ፣ ወንድሜና እኔ፣ በዚያ በኩል አብዮት ጥበቃው ከሚስቱና ከአንድ ልጁ ጋር። ኮምፔንሳቶው ላይ ጋዜጣ ለጥፈንበታል፤ ጋዜጣ ግን ድምጽ አይከለክልም። ሰውየው ሲያስነጥስ እናቴ ከዚህ ሆና «ይማርህ» ትላለች፣ እሱም ከዚያ ሆኖ «ያኑርዎት እማማ» ይላታል። ኑሯችን እንዲህ ነበር፤ ክፉም አልነበረም።

ከዚያ አፈሳው መጣ። ቅዳሜ ገበያው ደርቶ ሳለ ዙሪያውን ከበቡና ጢም ያበቀለውን ሁሉ መኪና ላይ ጫኑት። ወንድሜ የወጣው ለትንሿ ሬዲዮው የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ነበር። ሬዲዮዋን አብያተ ክርስቲያናቱን ያስጎበኘው አንድ ፈረንጅ ነው የሰጠው፤ ነፍሱ ነበረች። ጆሮው ውስጥ የሚሰካትን ማዳመጫ እንኳ ከኪሱ አያወጣትም ነበርና ሬዲዮዋን ቤት ትቶ ማዳመጫዋን እንደያዘ ሄደ። የጎረቤታችንም ልጅ እዚያው መኪና ላይ ተጫነ። አባትየው ገበያውን ከከበቡት አንዱ ነበር፤ ልጁን ከመሐል አየው፣ አየውና ፊቱን አዞረ። ግማሹ ሰው «አረመኔ» አለው፣ ግማሹ ደግሞ «የራሱን ደብቆ የሰው ልጅ ሊያፍስ ኖሯል?» አለ። እኔ እስከ ዛሬ የቱን እንደምል አላውቅም። ሚስቱ ብዙ ጊዜ አኮረፈችው፤ የዚያ ቤት ዝምታ ኮምፔንሳቶውን አልፎ ይሰማን ነበር።

ወንድሜ ወደ ሰሜን ግንባር መሄዱን ሰማን፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። እናቴ ምግብ ስትቀርብላት «እሱ ምን በልቶ ይሆን» ትልና እጇን ትሰበስባለች። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ምን ዋጋ አለው። በመጨረሻ ለቅዱስ ነአኩቶ ለአብ ተሳለች። «ድምጹን ብቻ አሰማኝ፣ ጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብላ። እናቴ ደግሞ ስለት በሆዷ የምትይዝ ሴት አይደለችም። ምንጭ ወርዳ ተናገረች፣ ለቅሶ ቤት ተናገረች፣ ማኅበር ላይ ተናገረች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የእናቴን ስለት እንደ ራሱ ስለት ያውቀው ነበር። ይህን ያዙልኝ።

አንድ ቀን እናቴ ጋሸና ሄዳ ተመለሰች። መንገድ ላይ የሚያርፉትን ወታደሮች ስለ ልጇ ልትጠይቅ አልፎ አልፎ ትሄድ ነበር። በሩን ዘጋችና ጆሮዬ ላይ አፏን አስጠግታ፣ «የሻይ ቤቷ ሴትዮ ነገረችኝ፤ የጫካዎቹ ሬዲዮ ላይ ምርኮኞች ይናገራሉ አሉ። በየራሳቸው አንደበት። ማክሰኞና ዓርብ፣ ከብት ሲገባ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ያን የአማፅያን ሬዲዮ ሲሰማ የተገኘ ሰው ታስሮ ቁልቁል ወደ ደሴ ይወርዳል፤ የወረደም ሲመለስ አላየንም። «እማ፣ አብደሻል? ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ማን እንዳለ ረሳሽው?» አልኳት። «አልረሳሁም» አለች። «ዝቅ አድርገሽ ክፈቺልኝ።»

ዝቅ አድርገሽ! ነገሩ አፍ ላይ ቀላል ነው። የወንድሜን ሬዲዮ ከሣጥን ሳወጣት እስፒከሯን አይጥ በልታዋለች። አዲስ ድንጋይ ብከትባት ሬዲዮዋ ራሷ ትሠራለች፣ የምትናገርበት የላትም። የማዳመጫዋ ቀዳዳ ደህና ነበር፣ ማዳመጫዋ ግን ከወንድሜ ጋር ግንባር ወርዳለች። የቀረን ያ ግራጫ ሣጥን ብቻ ነበር። ከማዳመጫዋ ቀዳዳ ሽቦ ስቤ ማይክሮፎን በሚሰካበት በኩል አስገባሁት። ለጥንቃቄ የመንግሥት ጣቢያ ላይ አደረግሁና የሣጥኑን የፊተኛውን የድምጽ ማዞሪያ በጣቴ ነካ አደረግሁት። ምንም። ትንሽ ገፋሁት፣ ምንም። እንደገና የፀጉር ታህል ብገፋው ቤቱ በሰልፍ ዘፈን ጓ! ብሎ ተናወጠ። ሽቦውን መንጭቄ ነቀልኩት። እናቴ ምሰሶውን አቅፋ ቆማለች።

«ምንድነው እሱ?» አለ ሰውየው ከወዲያ።

«የትምህርት ቤቱን ማጉያ እየሞከርኩ ነው ጓድ።»

«ለሰኞ ነው?»

«አዎ፣ ለሰኞ።»

«በርቺ» አለ።

ያንን ማዞሪያ ስንት ቀን እንደታገልኩት አትጠይቁኝ። በዝምታውና በጩኸቱ መሐል ያለው ቦታ ከፀጉር የቀጠነ ነበር። እጄ እዚያ ላይ እንዲቆም ትንፋሼን ይዤ አዞራለሁ፣ ወይ ይጠፋል ወይ ያብዳል። የሬዲዮዋን የራሷን ድምጽ ስቀንሰው ደግሞ የተናጋሪው ቃል በሣጥኑ ጉርምርምታ ይዋጣል። የእናቴ አንድ ጆሮ ደህና አይሰማም፤ ለኔ የሚበቃኝ ሹክሹክታ ለሷ አይበቃትም። ለሷ የሚበቃት ደግሞ ለጎረቤት ይተርፋል። ሣጥኑን አንድ ሁለቴ በእርግጫ ብዬዋለሁ፣ አልዋሽም።

መላው የተገኘው ከኋላው ነው። ሣጥኑ መጀመሪያ ሲመጣ ከደሴ አብሮት የመጣ ጠጋኝ ነበር። ከኋላ በኩል ከሽቦው መግቢያ አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ አስተካክሎ ሲያበቃ ቀይ ቀለም ጠብ አደረገባትና «ይቺን እንዳትነኪ። ለማይክሮፎን ተለክታለች» አለኝ። ያን ጊዜ እሺ ብዬ ረስቼው ነበር። አሁን ሳስበው ነገሩ ገባኝ። የማይክሮፎን ድምጽ ደካማ ስለሆነ ሣጥኑ ገና በሩ ላይ ብዙ ያሳብጠዋል፤ የኔ ሬዲዮ ግን ደካማ አይደለችም። ስለዚህ የፊተኛው ማዞሪያ የሚደርሰው አስቀድሞ ያበጠ ድምጽ ነው። መስኖ የመራ ሰው ያውቀዋል፤ ወንዙን ሙሉውን ቦይ ውስጥ ለቅቆ ማሳው ጠርዝ ላይ በእግሩ ልገድብ ቢል ውሃው ይዞት ይሄዳል። መቀነስ ከላይ ነው።

ቀዩን ቀለም በቢላዋ ጫፍ ፋቅሁት። የመንግሥት ንብረት ነው፣ ፍቅፋቂውን ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ብሎኗን ወደ ግራ ትንሽ በትንሽ መለስኳት፤ መለስኳትና የፊተኛውን ማዞሪያ ነካሁት። ድምጹ ቀስ ብሎ መጣ። ግማሽ ድረስ አዞርኩት፣ አሁንም በሰው ንግግር ልክ ነው። የፀጉር ታህል የነበረችው ቦታ መዳፌን የምታህል ሆነችልኝ። እናቴ «ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። እያለቀስኩ ነበር።

የቀረው በኮምፔንሳቶው ስንቱ እንደሚያልፍ ማወቅ ነው። ለዚህም መላ አበጀሁ። የመንግሥትን ጣቢያ መስማት ወንጀል አይደለምና እሱን ከፍቼ እናቴን አጠገቡ አስቀምጥና ወንፊት ልዋስ ብዬ ወዲያ እሻገራለሁ። ከሴትየዋ ጋር የባጥ የቆጡን እያወራሁ ጆሮዬን ወደ ቤቴ እጥላለሁ። ከተሰማ ተመልሼ እቀንሳለሁ፣ ከዚያ ወንፊቱን ልመልስ ብዬ እንደገና እሄዳለሁ። ሴትየዋ «አስተማሪ፣ ዛሬስ ደግሞ ምን ጎደለሽ?» ትለኛለች። ዓይኗ ከስቶ ነበር። የልጇ ጋቢ አልጋው ላይ እንደታጠፈ ነበር፣ ማንም አይለብሰውም። እዚያ ቁጭ ብዬ የራሴን ሬዲዮ ድምጽ መጥፋት ብቻ አዳምጥ ነበር።

በዚህ ዓይነት ማክሰኞና ዓርብ የጫካዎቹ ሬዲዮ ተሰማ። ከብቱ ሲገባ፣ በጉ ሲጮህ፣ ልጆቹ ሲያጯጩሁ፣ እናቴ ሣጥኑን ተደግፋ ደህናውን ጆሮዋን ትለጥፋለች። መንግሥት ጣቢያውን ስለሚያፍነው በመሐሉ ወፍጮ የመሰለ ድምጽ ይሄድበታል። በወፍጮው መሐል ልጆቹ ይመጣሉ። ስሜ እገሌ ነው፣ አገሬ እንዲህ ነው፣ በሕይወት አለሁ። የሰው ልጅ ሁሉ ይመጣል፣ የእኛ አይመጣም። እናቴ ግን ለእያንዳንዱ «እሰይ! እሰይ ልጄ፣ እናትህ ትስማህ» ትላለች በሹክሹክታ። እኔ ለራሴ ብቻ ነበር የምጨነቀው፤ የእሷ ጭንቀት ግን ለሁሉም ልጅ ይበቃ ነበር።

አንድ ሰኞ ግን ጉድ ፈላ። እንደ ሌላው ጊዜ ብሎኗን ወደ ቦታዋ ሳልመልሳት ሣጥኑን ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ካድሬው ማይክሮፎኑን ጨብጦ «ጓዶች!» ሲል ከእስፒከሩ የወጣው የትንኝ ድምጽ ነው። ደግሞ «ጓዶች!» አለ፣ ትንኟ ደገመችው። ልጆቹ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፣ አልተያዘም፤ ሜዳው በሳቅ አለቀ። ካድሬው ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ አሻጥር ነው!» አለ፣ ያንን ግን ያለ ማጉያም ሁሉም ሰማው። ባትሪው ደክሞ ነው፣ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስሞላዋለሁ ብዬ ምዬ ተገዝቼ አመለጥኩ። ማታውን ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆሞ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ «አስተማሪ፣ ሣጥኑን እንድከታተል ታዝዣለሁ» አለኝ። ወደ ውስጥ አየ። እናቴ ነጠላዋን ሣጥኑ ላይ አልብሳዋለች። «እሺ ጓድ» አልኩ።

«እማ፣ በቃን» አልኳት በሩን ዘግቼ። «አንቺ ከፈራሽ ደጅ ቁሚ» አለችኝ። እናቴን ወድጄም ጠልቼም የማውቀው ያን ቀን ነው።

ዓርብ ደረሰ። ሰማዩ ከብዶ ነበር፣ ከብቱም ቀድሞ ገብቷል፤ የሚሸፍነን ጫጫታ አልነበረም። ከወትሮው ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ሁለት ልጆች ተናገሩ። ሦስተኛው ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ ቀና አለች። ስም ገና አልተጠራም፣ ቃል ገና አልወጣም። «እሱ ነው» አለች። ከዚያ እንደ ልጅነቱ ትንሽ እየተንተባተበ ስሙን ጠራ፣ ያባቱን ስም ጠራ፣ ላስታ አለ። «እማዬ፣ በሕይወት አለሁ። እታለም፣ አደራሽን እማዬን» አለ። እታለም የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።

እናቴ ተነሥታ እልል አለች።

እልልታ ታውቃላችሁ፤ የእናቴን ግን አታውቁትም። በሠርጉም በታቦቱም የሰፈሩን እልልታ የምታስጀምረው እሷ ናት። ስንት ወር ብሎን ጠምዝዤ፣ ወንፊት ተውሼ፣ ትንፋሽ ይዤ ያጠበብኩትን ድምጽ በአንድ አፍ አፈረሰችው። አፏን በእጄ ያዝኩት፣ ነከሰችኝና ደገመችው። ሽቦውን ነቅዬ፣ ሬዲዮዋን ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ነጠላውን ሣጥኑ ላይ ስጥል በሩ ተንኳኳ።

በኛ አገር እልልታ ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ ጎረቤት የለም። የሰፈሩ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ እነሱም እልል እያሉ ገቡ። «ምን ተገኘ? ምን አገኙ እማማ?» እናቴ እንባዋ እየወረደ ዙሪያዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የመጣላትን ተናገረች። «ስለቴ ሰመረ! ነአኩቶ ለአብ ስለቴን ሰማኝ!»

ያ የከፋው ነበር። ውሸት ብትናገር ይሻል ነበር፤ ስለቷን የማያውቅ በቤቱ ውስጥ አልነበረምና። ድምጹን አሰማኝ ብላ ነው የተሳለችው። ደብዳቤ አልመጣም፣ ከግንባር የመጣ ሰው የለም። እንግዲህ ድምጹን በምን ሰማችው? ሴቶቹ አንድ በአንድ ገባቸው፤ እልልታቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። አንዷ ነጠላዋን አስተካክላ «እንኳን ደስ አለዎት» አለችና ወጣች፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

በር ላይ ሰውየው ቆሟል። ከጀርባው ሚስቱ። ነጠላ የለበሰውን ሣጥን ረጅም ጊዜ አየው። «እንኳን ደስ አለዎት እማማ» አለ። ድምጹ ደረቅ ነበር። ሄደ። እኔ የእናቴንና የኔን ልብስ በአንድ ማዳበሪያ ቋጥሬ ሊወስዱን እስኪመጡ ጠበቅሁ። ቅዳሜም አልመጡ፣ እሑድም አልመጡ። ሰኞ ሣጥኑን ወሰድኩ፣ ካድሬው በደንብ ተሰማ፣ መለስኩት።

ማክሰኞ ከብት ሲገባ በሩ ተንኳኳ። ሚስትየው ናት፣ ወንፊት ይዛ። «ረስተሽው ነበር» አለችኝ። አልረሳሁትም፣ መልሼዋለሁ። ገባችና እናቴ እግር ሥር ቁጭ አለች። «እማማ፣ እኔም እናት ነኝ» አለች። እናቴ ወደ ሣጥኑ አጠገብ ሳበቻት፤ የራሷን ቦታ ሰጠቻት። እኔ ሬዲዮዋን ከጉያዬ አወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ አላቋረጠችም። ልጆቹ ሲናገሩ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንድ የላስታ ልጅ ሲነሣ ጭኔን በጥፍሯ ትጨብጠዋለች፤ ስሙ ሲጠራ ትለቀኛለች። የኛ ከተገኘ የሷም አብሮ ይገኛል ብዬ ነበር፣ በአንድ መኪና ነው የሄዱት። አልተገኘም። ወንድሜም አንዴ ተናገረ እንጂ አልደገመም፣ የሚጠየቅ ሰው የለም። ባልየው በዚያ ሰዓት ሁሌ ቤቱ ነበር። ለምን ጥበቃ እንደማይወጣ አልገባኝም ነበር። ሲያስነጥስ እንሰማዋለን፤ በርጩማ ሲጎትት እንሰማለን። እናቴ ግን «ይማርህ» ማለቱን ትታዋለች፣ ፈርታ።

አንድ ዓርብ ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል ሴትየዋ እጄን ያዘች። «አስተማሪ፣ ድምጹ ዝቅ ስላለ ይሆናል እኮ» አለች። «የኔ ልጅ ድምጹ ቀጭን ነው። ተናግሮ ሳንሰማው አልፎን ቢሆንስ?»

ዝቅ ስላለ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእናቴ ደካማ ጆሮ እንኳ የሁሉንም ስም ይሰማ ነበር። ግን ይህን እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ? ከጋዜጣው ኋላ፣ ከጆሮዬ አጠገብ፣ አንድ ድምጽ መጣ።

«አስተማሪ» አለ ሰውየው። «ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎረሰችው። እናቴ ኮምፔንሳቶውን አየች። የፊተኛውን ማዞሪያ ገፋ አደረግሁት። «ከፍ አድርጊው» አለ እንደገና፤ ያ ጠመንጃ የሚያነግተው ሰው ድምጽ አልነበረም። እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ከዚያ ቢላዋውን አነሣሁና የኋላዋን ብሎን ቀዩ ቀለም ወደነበረበት መለስኳት። ድምጹ ቤቱን ሞልቶ ደጅ ወጣ፤ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ፣ ማንም ግን በራችንን አላንኳኳም። የጎጃም ልጅ ተናገረ፣ የሐረር ልጅ ተናገረ፣ የሲዳሞ ልጅ ተናገረ። እስኪያልቅ ድረስ አራታችንም፣ እኛ በዚህ እሱ በዚያ፣ ሰማን። የነሱ ልጅ አልተናገረም።